ያልቆጠርኩት ጥርስ

ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ በቤቱ ላሉትም ሁሉ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም በግራ እግርሽ ታነክሻለሽ ወይስ ቅባቱ ረዳሽ? ደም ግፊትሽን በየሳምንቱ ትለኪያለሽ ወይስ "ምንም አልል" እያልሽ ታልፊዋለሽ? ምግብስ? ትልቋ ልጅሽ በስልክ "እማዬ እጇን ታጥባ ትቀመጣለች እንጂ አትበላም" ብላኛለች። ብዪ። ሰው ባለመብላቱ የተመለሰለት ሟች የለም።

እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ክፍሌ ያችው ናት፣ ከጋራዡ በላይ፤ መስኮቷ የሚያየው የጎረቤቱን ግድግዳ ነው። ጠዋት እነሳለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፣ ደረጃውን ወርጄ ሥራዬ ላይ ነኝ። ማታ ተመልሼ እወጣለሁ። ከዚህ የሚበልጥ ወሬ የለኝም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። ስልክ ላይ ቶሎ እንደምቆጣ ታውቂያለሽ፤ ስቆጣ ደግሞ ሰው አላስናግርም። የዚህ ሁሉ ጥፋት ሰው አለማስናገሬ ስለሆነ በዚያው ስልክ ልነግርሽ አልፈለግኩም። ወረቀት አይቋረጥም። ብትናደጂም እስከ መጨረሻው አንብቢው።

የምጽፍልሽ ስለ ጋሼ ነው። እናታችን ካረፈች ጀምሮ ባልሽን እንደማታናግሪያቸው፣ እሳቸውም ከዋናው ቤት ወጥተው ዕቃ ቤት ውስጥ ከባዶ ጆንያ ጋር እንደሚያድሩ ሰምቻለሁ። "መኪናውን ችላ ብሎ እናቴን ገደላት" ማለትሽን ከአንቺው አፍ ነው የሰማሁት። እኔም "ልክ ነሽ፣ እኔም ነግሬያቸው ነበር" ብዬሻለሁ። ልክ አይደለሽም። እኔም ልክ አልነበርኩም። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል እነግርሻለሁ።

መርዶውን ስሰማ አንድ የጭነት መኪና ሥር ተኝቼ ነበር። ልጅሽ ነግራኝ ስትጨርስ ስልኩን ደረቴ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ የጀመርኩትን ፍሪሲዮን ገጠምኩ። ስድስቱንም ብሎኖች በሚገባቸው ልክ አጠበቅኩ፤ በኋላ ብፈትሻቸው አንዱም አልላላም፣ አንዱም ከልኩ አላለፈም። የጋራዡ ባለቤት ነገሩን ሲሰማ "ሂድ እንጂ ቤትህ፣ ምን ትሠራለህ እዚህ?" አለኝ። "ቤት ሄጄስ ምን እሠራለሁ?" አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ሻይ ገዝቶ መጣ። ቀዝቅዞ እስኪጠቁር ድረስ መደርደሪያው ላይ ተውኩት። እስከ ዛሬ አላለቀስኩም። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ መልሱን አላውቀውም።

የምሠራበት ጋራዥ ሦስት መኪና ይይዛል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ዘይት የጠጣ ሲሚንቶ ነው። ከባለቤቱ ሌላ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ "ኤሌክትሪኩ" የምንለው አለ። ሁለቱም በዕድሜ ከእኔ ያንሳሉ። ስሜን ጠርተውት አያውቁም፤ "ሊቁ" ነው የሚሉኝ። ዩኒቨርሲቲ መማሬንና አሥራ ስድስት ዓመት በቴክኒክ ኮሌጅ ማስተማሬን አንድ ቀን በንዴት ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ብሎን ከእጄ ቢወድቅ እንኳ "ሊቁ፣ ይኼኛው በስንተኛው ምዕራፍ ነው?" ይሉኛል። ይሁን። እኔም አልምራቸውም። ሳይፈታ "በሽታው ይህ ነው" የሚል ሰው ያንገበግበኛል። መጀመሪያ ስማ፣ ከዚያ ፈትተህ እይ፣ ከዚያ ቁጠር፣ መቀየር የመጨረሻ ነው፤ ይህን በጠመኔ ግድግዳቸው ላይ ጽፌላቸዋለሁ። ኤሌክትሪኩ ከሥሩ "ከዚያ ሽማግሌው ይቆጣል" ብሎ ጨምሮበታል።

አሁን ስለ መኪናዋ ልንገርሽ፤ ካልገባሽ ፍርዱም አይገባሽም። ቁልፍ ሲዞር ትልቁን ሞተር የሚቀሰቅሰው ሞተሪኖ የሚባል ትንሽ ሞተር ነው። ከትልቁ ሞተር ጀርባ ደግሞ ቮላኖ የሚባል፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበደ ክብ ብረት አለ፤ ዙሪያውን ጥርስ አለው። ሞተሪኖው ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ባለጥርስ ብረት ወደ ፊት ገፍቶ ከቮላኖው ጥርስ ጋር ያገጣጥማታል፤ ያዞረዋል፤ ሞተሩ ሲነሳ እሷ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ትንሿ ከትልቁ ጋር ካልተስማማች በየቀኑ ትፈጨዋለች።

ሞተር ሲጠፋ ደግሞ ባሻው ቦታ አይቆምም። እንደ ደከመ በቅሎ የለመደው ማረፊያ አለው፤ የጋሼ መኪና ሁለት ማረፊያ አላት። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚበላው በእነዚያ ሁለት ቦታዎች ያለው ጥርስ ነው፤ ሌላው ደህና ነው። ሞተሩ ከተበላው ላይ አርፎ ካደረ ሞተሪኖው ባዶውን ይጮኻል። መኪናዋን ማርሽ አስገብተው ትንሽ ከገፏት ግን ቮላኖው ጥቂት ይዞራል፣ ደህናው ጥርስ ይመጣል፣ ሞተሩ ይነሳል። ባትሪ ደክሞ ቢሆን እንዲህ አይሆንም። ሽቦ ተበጥሶ ቢሆን እንዲህ አይሆንም። አንዴ እሺ፣ አንዴ እምቢ፣ ሲገፏት ደግሞ እሺ ካለች ቮላኖውን ማየት ነው። ይህን ለስንት ተማሪ ጥያቄ አድርጌ አውጥቻለሁ፤ የሳተውንም ጥያለሁ።

አምና ጋሼ ሞተሪኖዋ እንደደከመች ሲነግሩኝ "እርስዎ አይድከሙ፣ እኔ ከዚህ ደህናውን እልካለሁ" አልኳቸው። ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ግቢ ሄድኩ። ሻጩ ሊዘጋ ቁልፉን እያንቃጨለ ቆሟል፣ እኔም ቸኩያለሁ። የብሎን ቀዳዳዎቹን በዓይኔ ለካሁ፣ ልክ ናቸው። ቁመቱን አየሁ፣ ልክ ነው። ወደ እናንተ ለሚመጣ ሰው አሽጌ ሰጠሁት። ጥርሱን አልቆጠርኩም። ለመቁጠር የሚፈጀው ጊዜ አንድ ሰው ሰላም ለማለት ከሚፈጀው አይበልጥም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ጋሼ ደወሉ። ሠላሳ ዓመት የነዱ ሰው ናቸው፤ ስለ መኪና ሲናገሩ ግን ይቅርታ እየጠየቁ ነው። በመጀመሪያ "ዕቃው ግሩም ነው፣ እጅህ ይባረክ" አሉኝ። ቀጥለው "አንዳንድ ጠዋት ብቻ ብረት የማኘክ ዓይነት ድምፅ ታሰማኛለች፤ ማርሽ አስገብቼ ትንሽ ስገፋት እሺ ትለኛለች። ምን ይመስልሃል?" አሉ። በሽታውን ከነምልክቱ ዘርግተው ሰጡኝ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ በሰው ስህተት ስነድ ውዬ ነበር። "የባትሪው ማሰሪያ ዝጎ ነው፣ ያጽዱት" አልኳቸው። "አጽድቼዋለሁ እኮ" አሉ። ያን ጊዜ፣ እታለም፣ "አንተ የምታውቀው መንዳት ነው! ቁልፉን ጠበቅ አድርገህ አዙር፣ አለቀ" አልኳቸው። አንተ አልኳቸው። አንቱ እንጂ ሌላ ብያቸው የማላውቃቸውን ሰው። እሳቸው "እሺ ወንድሜ" ብለው ብርዱ እንዴት እንዳደረገኝ ጠየቁኝ። "ነግሬያቸው ነበር" ያልኩሽ ይህንን ነው።

ያን ቀን የሆነውን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። እኔ የሰማሁት፣ እናታችንን ከሰዓት በኋላ ደረቷን ያዛት። መኪናዋ ሃያ ጆንያ ጭና፣ አፍንጫዋን ወደ ግድግዳው አድርጋ ከጣሪያው ሥር ቆማለች። ጋሼ ቁልፉን ሲያዞሩ ጮኸች እንጂ አልተነሳችም። ወደ ፊት ለመግፋት ግድግዳ ነው፣ ወደ ኋላ ዳገት ነው። ሌላ መኪና ቢፈለግ አልተገኘም። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ጆንያው ወርዶ፣ መኪናዋ ተገፍታ እስክትነሳ ሃምሳ ደቂቃ ሄደ። እናታችን መንገድ ላይ አረፈች።

ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት ዳቦ የምታከፋፍል ሴት መኪናዋን አስጎትታ ወደ ጋራዡ መጣች። በእኔ ዕድሜ ናት፤ ክንዷ ላይ ዱቄት አለ፣ ምላሷ ግን ምላጭ ነው። "ሁለት ጋራዥ ሁለት ሞተሪኖ ቀይሮልኛል። አንተም ሦስተኛ ልትለጥፍብኝ ከሆነ ቁልፌን አሁኑኑ መልስልኝ" አለችኝ። መኪናዋ አልነሳም ስትላት ምን እንደምታደርግ ጠየቅኳት። "ማርሽ አስገብቼ ትንሽ ስገፋት እሺ ትለኛለች። ይህን ስነግራቸው 'አንቺ ዳቦሽን አከፋፍዪ' እያሉ ይስቁብኛል" አለች። ኤሌክትሪኩ ከኋላዬ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የጋሼ ቃል ነበር፣ አንድም ሳይጨመር አንድም ሳይቀነስ። በእጄ የያዝኩትን ጨርቅ አስቀመጥኩ። እንደገና አነሳሁት።

ሞተሪኖውን ፈታሁ። በወጣበት ቀዳዳ መብራት አስገብቼ፣ ሞተሩን ከፊት በኩል በረጅም መፍቻ ቀስ እያልኩ እያዞርኩ፣ የቮላኖውን ጥርስ አንድ በአንድ አየሁ። የተጎዳውን በጠመኔ ምልክት አደረግኩበት። አንዱ ካንዱ ትይዩ በሆኑ ሁለት ቦታዎች ሰባት ሰባት ጥርስ ተበልቶ እንደ አሮጌ መጋዝ ሆኗል። ሴትዮዋ ከመኪናው ጋር የመጣውን የመጀመሪያውን ሞተሪኖ አልጣለችውም፤ በዳቦ ከረጢት ጠቅልላ ከወንበሯ ሥር ይዛዋለች። "ለምን አስቀመጥሽው?" ብላት "ሰው ስለማላምን" አለችኝ። የእሱን ጥርስ ቆጠርኩ፣ ዘጠኝ ነው። ጋራዦቹ የገጠሙላትን ቆጠርኩ፣ አሥር ነው። ደግሜ ቆጠርኩ። የብሎን ቀዳዳቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ፤ ጥርሳቸው ለየቅል።

ባለቤቱ ጠጋ ብሎ "ሊቁ፣ ምን ሆንክ? ፊትህ ልክ አይደለም" አለኝ። "ምንም አልሆንኩም። ቮላኖው ይውረድ" አልኩት። ምንም አልሆንኩም ያልኩት እውነቴን ነው። ማደንዘዣ እንደተወጋ ድድ ነበርኩ፤ የሚያመው ቦታ የት እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ ግን አያምሽም። ሥራው ተጠናቅቆ መኪናዋ በመጀመሪያው ቁልፍ ስትነሳላት ሴትዮዋ መሪውን መታ መታ አደረገችና "የሰው ቃል የሚሰማ መካኒክም አለ ለካ!" አለችኝ። መፍቻዎቼን መሰብሰብ ጀመርኩ። ኤሌክትሪኩ "ኧረ ተመስግነሃል፣ ሰው ሲያመሰግንህ እንኳ ትኮሳተራለህ" አለኝ።

በማግስቱ ለሠፈራችሁ መካኒክ ደወልኩ፤ ሻይ እንኳ ጓንቱን ሳያወልቅ ስለሚጠጣ ጓንቴ ለምትሉት። "የጋሼን ሞተሪኖ ፈትተህ ጥርሱን ቁጠርልኝ። የድሮውንም ካልጣሉት ቁጠርልኝ። ለጊዜው ለማንም አትናገር" አልኩት። "እኔ መካኒክ ነኝ ወይስ የጥርስ ሐኪም?" ብሎ ሳቀብኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ሲደውል አልሳቀም። እኔ የላክኩት አሥር። የድሮው፣ ጋሼ በሚያድሩበት በዚያው ዕቃ ቤት መደርደሪያ ላይ ያለው፣ ዘጠኝ። ቮላኖው ሁለት ቦታ ላይ ተበልቷል።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ቀጥሎ የነገረኝ ነው። እናታችን ከማረፏ ከአንድ ወር በፊት ጋሼ መኪናዋን ወስደውለት ነበር። ጓንቴ ድምፁን ሰምቶ "ይህ የመጣላችሁ ዕቃ ከመኪናዋ ጋር አልተዋደደም፤ የድሮው የደከመው ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ካርቦን ስላለቀ ነው፤ እሱን ለውጬ ልመልሰው" አላቸው። የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ጋሼ እምቢ አሉ። "የባለቤቴ ወንድም ከዚያ ድረስ ተቸግሮ የላከው ነው። አውልቀን ጣልነው ሲባል ቢሰማ ይቀየማል። ቁጡ ነው እንጂ ልቡ ቅን ነው" አሉት። "ጋሼ፣ ሞተር እኮ ይሉኝታ አያውቅም" ቢላቸው "እኔ አውቃለሁ" ብለው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋን ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ በሩ አዙረው ተዳፋቱ ላይ ያቆሟት ነበር፤ እምቢ ብትል አንድ ሰው ብቻውን ገፍቶ እንዲያስነሳት። ይህንንም ጓንቴ ነው የነገረኝ። አንቺ በየቀኑ ታይ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቅሽም። ያን ቀን ብቻ ዝናብ ስለጣለ ጆንያው እንዳይረጥብባቸው ከጣሪያው ሥር አስገቧት። ችላ ያለ ሰው እንዲህ አያደርግም፣ እታለም።

ሃምሳውን ደቂቃ ያመጣው እኔ የላክኩት ዕቃ ነው። ዕቃውን መኪናዋ ላይ ያቆየው የእኔ ቁጣ ነው። ዶክተሩ "ቀድማ ብትደርስም መዳኗ አይታወቅም" ብሏል አሉ። ልክ ነው፣ አይታወቅም። የማላውቀውን አልጽፍልሽም፤ በእሱ ራሴንም አላጽናናበትም፣ አንቺንም አላስለቅስበትም። ሃምሳው ደቂቃ የማን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። የጋሼ አይደለም።

ከመርዶው በኋላ ስልክ ላይ "ነግሬዎት ነበር እኮ" ብዬ ስወቅሳቸው "አዎ፣ ነግረኸኛል" ነበር ያሉት። አንቺም በሰው ፊት ስትጮኺባቸው "የወንድምሽ ዕቃ ነው" ማለት ይችሉ ነበር። ሁለታችንም እናት የሞተችብን ስለሆንን ይመስለኛል፣ ለማናችንም አላሉም። እኔ ብሆን የዕለቱን ሰዓት ሳይቀር ጠቅሼ እከራከር ነበር። ይህን ካወቅኩ ወዲህ በራሴ ልቆጣ ሞክሬ ነበር። ለሰው ሳልጠራው የሚመጣው ቁጣ ለራሴ ሲሆን አልመጣም። እሠራለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ኤሌክትሪኩ ትናንት "ሊቁ፣ ሳምንት ሙሉ ማንንም አልሰደብክም፤ ሐኪም እንጥራልህ?" አለኝ።

አሁን የምጠይቅሽን ልጻፍ። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳጥንሽ ውስጥ እንዳትደብቂው። የወቀስሻቸው በሰው ፊት ነው፤ ልጅሽ ሰምታለች፣ አክስታችን ሰምታለች፣ ጆንያ ያወረደው ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ስለዚህ የሰሙት ተጠርተው በፊታቸው ይነበብ። አንቺ ካቃተሽ ልጅሽ ታንብበው። "አንተ" ያልኩበትን ቦታ እንዳትዘለው ንገሪያት። ጋሼን ስለ እኔ ይቅርታ አትለምኚልኝ፤ ያ የእኔ ሥራ ነው። ያንቺን ይቅርታ ግን አንቺው ትጠይቂያለሽ፤ እኔ ከዚህ ልተካልሽ አልችልም።

መኪናዋን በተመለከተ፣ ጓንቴ የድሮውን ሞተሪኖ ካርቦን ለውጦ ይግጠመው። ቮላኖው ይውረድ። ጥርሱ ያለበት ቀለበት በእሳት ሲሞቅ ይለቃል፤ ሩብ ዙር አዙሮ ይመልሰው፣ ያን ጊዜ ሞተሩ በሚያርፍበት ቦታ ያልተነካው ጥርስ ይውላል። ብሎን የሚገጥመው በግምት እንዳይሆን። እኔ የላክኩት ደግሞ ይጣል፤ ለማንም አይሰጥ፣ የሌላ ሰው ቮላኖ ይበላል።

ለትልቋ ልጅሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ አባቷ የት እንደሚያድሩ ሳትደብቅ ስለነገረችኝ አመሰግናታለሁ። ለሕፃኗ የልጅ ልጅሽም ሰላምታ ይድረሳት፤ መዳህ ጀመረች ወይስ አሁንም እንደ ባለሥልጣን ተቀምጣ ነው የምታዘው? ጉንጯን ሳሚልኝ። ለአክስታችን ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብለሽ ሰላም በይልኝ፤ አለዚያ "ምን አለ? ምን አለ?" እያለች ቀኑን ሙሉ ስትጠይቅሽ ትውላለች። ለጓንቴ አመሰግናለሁ በይው፤ ቢቀልድብሽ ቻይው።

ለጋሼ ግን በአንቺ በኩል ሰላምታ ልልክ አልቻልኩም። መልእክት የሚያደርስ የሚነጋገር ሰው ነው፤ እናንተ ቃል ሳትለዋወጡ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ሆናችሁ። ስለዚህ ወረቀቱን እዚህ ላይ አቁሚና ወደ ዕቃ ቤቱ ሂጂ። በሩን አንኳኪ። "ና፣ ግባ" በያቸው። ገብተው ሲቀመጡ የቀረውን ከፊታቸው ሆነሽ አንብቢው፤ ለእሳቸው ነው።

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሰሙት ድምፅ ልክ ነበር፤ ስለ ማርሹ ያሉኝም ልክ ነበር። ያላወቅኩት እኔ ነኝ።

ወንድማችሁ
ከጋራዡ በላይ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር 14 ቀን